ጎርፍ ለብቻው አይመጣም፦ ለሰሜን ሸዋ ጠያቂዎች መልስ

ዝናብ፣ ደለልና የተዘጋ ቱቦ ሲገጣጠሙ ስለሚመጣ ጎርፍ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ሸዋ ሮቢት ጠብታ ሳይወርድ ሮቢ ወንዝ ለምን ይሞላል?

ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደብረ ሲናና ጣርማ በር በኩል ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እናንተ 1,300 ገደማ ላይ ናችሁ። ውኃው ያንን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ጊዜ ይወርደዋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታው ጎርፍም ከላይ ከደጋው የወረደ ነበር። በራሳችሁ ሰማይ ብቻ አትተማመኑ።

ከባድ ዝናብ በ10 ዓመት አንዴ ቢመጣ፣ ቱቦ የመዘጋት ዕድሉም ከ10 አንድ ቢሆን፣ ሁለቱ የሚገናኙት በ100 ዓመት አንዴ አይደለም?

አይደለም! ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ማባዛት የሚያዋጣው ሁለቱ ነገሮች ካልተዛመዱ ነው። እዚህ ግን ግንዱን፣ ድንጋዩንና ፌስታሉን ጠርጎ ቱቦው አፍ ላይ የሚከምረው ያው ዝናብ ነው። እንዲህ ያለ ዝናብ ከመጣባቸው ሁለት ጊዜያት በአንዱ ቱቦው ይዘጋል እንበል። ያኔ ሁለቱ በአማካይ በ20 ዓመት አንዴ ይገናኛሉ። በ100 እና በ20 መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። «በ10 ዓመት አንዴ» ማለትም 10 ዓመት እፎይታ ማለት አይደለም። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 65 በመቶ ነው።

የእኛ አገር ዋልካ ነው። የሰኔና የነሐሴ ዝናብ ለውጥ አለው?

በጣም አለው። በሰኔ የዋልካው ስንጥቅ ብዙ ውኃ ይውጣል። በነሐሴ ግን አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ተደፍኗል፤ አብዛኛው ዝናብ በላዩ ይሄዳል። ስለዚህ የዕለቱን ሚሊሜትር ብቻ ሳይሆን የቀደሙትን ቀናት ዝናብም ደምሩ።

ደብረ ሲና አካባቢ የመሬት መንሸራተት ያሰጋናል። ከጎርፍ ጋር ይገናኛል?

ይገናኛል። የተናደው አፈር ወንዙን ሊገድበው ይችላል፤ ግድቡ ሲበረግድ የሚመጣው ውኃ ዝናቡ ብቻውን ከሚያመጣው ይበልጣል። ዝናቡ ሳያባራ ወንዙ ድንገት ከቀነሰ አትጠብቁ፣ ወደ ከፍታ ውጡ።

በቀበሌያችን ከየት እንጀምር?

ሽማግሌዎችን ውኃው እስከየት እንደደረሰ ጠይቁና ምልክት አድርጉ። ከዚያ በየግንቦቱ ከድልድዩ እስከ ወንዙ ወለል ያለውን ቁመት ለኩ። ደለል ወለሉን ከፍ ካደረገው፣ አነስ ያለ ውኃም ከድሮው ምልክት ያልፋል።