«ያው ነው» አልኳት፤ ሲኒዋን አስቀምጣ ሄደች

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ናሽቪል፣ ቴነሲ ነው። ጎረቤቴ ከሶሪያ፣ ከቃሚሽሊ በቱርክ በኩል የመጣች ስደተኛ ናት። እንግሊዝኛዋ ገና ነው፤ ግን ተግባባን። እኔ ጋ ቡና፣ እሷ ጋ በትንሿ ብርጭቆ ሻይ። ባለፈው እሁድ ጓደኞቼ ባሉበት ቡና ጠራኋትና «አረቧ ጎረቤቴ ናት» ብዬ በእንግሊዝኛ አስተዋወቅኳት። «ኩርድ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ሳላስብ «ያው ነው» አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠች። ቶናው ሳይቀዳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በሯን አትከፍትልኝም። ብቻዋን እንዳትሆን ነበር የምቀርባት። ምን ላድርግ?

የናሽቪሏ

እህቴ፣ «አረብ» ያልሻትን ይቅር ትልሽ ነበር። የጎዳት «ያው ነው» መባሉ ይመስለኛል። ኩርዶች ከአረብ የተለዩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው።

ቃሚሽሊ ያለችው ሐሰካ የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1962 መንግሥት እዚያ የአንድ ቀን ቆጠራ አድርጎ ወደ 120,000 የሚጠጉ ኩርዶችን ዜግነት ነጠቀ። ልጆቻቸውም አገር አልባ ሆነው ተወለዱ። ፓስፖርት የለ፣ በስም የሚያዝ ቤት የለ። ቋንቋቸው ትምህርት ቤት አይገባም ነበር። ዜግነታቸውን የሚመልስ አዋጅ የወጣው በ2011 ነው፤ ወዲያው ጦርነቱ መጣ። እንግዲህ «ያው ነው» የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ስትሰማው እንደኖረች አስቢው።

ሂጂና አንኳኪ። ልጆች ካሏት አስተርጓሚ አታድርጊያቸው፤ ይሄ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ይለቅ። «ቢቦሬ» በያት። በኩርማንጂ፣ በሶሪያ ኩርዶች ቋንቋ፣ «ይቅርታ» ማለት ነው። አታብራሪ፣ አትከራከሪ።

ብቸኝነቷን ደግሞ አንቺ ብቻ አትሸከሚውም። ከአሜሪካ ከተሞች ኩርዶች በብዛት ያሉት እዚያው ናሽቪል ነው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መጥተዋል። ኖለንስቪል ፓይክ የሚባለው ጎዳና ላይ ሱቃቸው፣ ዳቦ ቤታቸው አለ። አብዛኞቹ ከኢራቅ በኩል ናቸውና መጀመሪያ እንግድነት ሊሰማት ይችላል። መኪና ከሌላት ውሰጃት። እሷ ከባለሱቁ ጋር በቋንቋዋ ታውራ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ጋሪውን ግፊ።

ማርች 20 ማታ ለኔውሮዝ፣ ለአዲስ ዓመታቸው፣ እሳት ያነዳሉ። እኛ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ እንደምናበራው። ከጠራችሽ እንዳትቀሪ።

ጓደኞችሽንም መልሰሽ ሰብስቢያቸው። ቡናው ሲቀርብ ግን አንቺ አታስተዋውቂያት። ማን እንደሆነች ራሷ ትንገራቸው።