ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ ማስረዳት ግን አቃተኝ

ጥያቄ፦ በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪዬን ልጨርስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶኛል። ለረዳት አማካሪነት ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ «አሉታዊ ማጠናከሪያ ምን እንደሆነ ለአንድ ወላጅ አስረጂ» ተባልኩ። የመጽሐፉን ትርጉም ቃል በቃል ተናገርኩ። «ታዲያ ከቅጣት በምን ይለያል?» ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። ሌላ ቃለ መጠይቅ ከሦስት ሳምንት በኋላ አለኝ። የቃላት ዝርዝር ይዤ ልሸምድድ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሽምደዳውን ተዪው። ትርጉሙንማ ተናግረሻል። ዝም ያሰኘሽ ቃሉን ለብቻው ማጥናትሽ ነው። የሥነ ልቦና ቃላት የሚምታቱት ከሚመስላቸው ቃል ጋር በሚዋሰኑበት ቦታ ስለሆነ ጥንድ ጥንድ አድርገሽ አጥኚያቸው።

ከጣለሽ ጥያቄ እንጀምር። እዚህ ላይ «አሉታዊ» ማለት መጥፎ ማለት አይደለም፤ እንደ ሒሳብ የመቀነስ ምልክት ነው፤ አንድ ነገር ተነሳ ማለት ነው። «ማጠናከሪያ» ድርጊቱ ወደፊት እንዲደጋገም የሚያደርግ ውጤት ሲሆን፣ «ቅጣት» ደግሞ ድርጊቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ ውጤት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ነገር ተጨመረ ወይስ ተነሳ? ድርጊቱስ በረከተ ወይስ ቀነሰ?

ለወላጅ ስታስረጂ ይህን አስቢ። ልጁ የቤት ሥራው ሲቀርብለት ያለቅሳል። እናቱ ልቅሶው ሲሰለቻት ደብተሩን ታነሳለታለች። በማግሥቱ ደብተሩ ገና ሳይገለጥ ማልቀስ ይጀምራል። የሚያስጠላው ነገር ተነሳለት፣ ማልቀሱም በረከተ፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ ይኸው ነው። እናቲቱንም ተመልከቻት፦ ደብተሩን ስታነሳ ልቅሶው ጸጥ አለላት፤ ስለዚህ ነገም ታነሳለች። ሁለቱም ሳያውቁት አንዱ የሌላውን ድርጊት እያጠናከረ ነው። ወላጆች «ቤታችን ውስጥ ያለው ይኼ ነው» የሚሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ክፍል አትዝለዪው።

አሁን ድንበሩን አሳዪ። ልጁ ባለቀሰ ቁጥር የሚወደው መጫወቻ ቢወሰድበትና ማልቀሱ ቢቀንስ፣ እዚህም ነገር ተነስቷል፤ ድርጊቱ ስለቀነሰ ግን ቅጣት ነው። መጫወቻው ተወስዶም ማልቀሱ ካልቀነሰ፣ እናቱ ልትቀጣው ብታስብም በሥነ ልቦና ቋንቋ ቅጣት አልሆነም። ስያሜውን የሚወስነው የአድራጊው ሐሳብ ሳይሆን ድርጊቱ ላይ የታየው ለውጥ ነው። ጠያቂዎችሽ ሊሰሙ የፈለጉት ይህን ይመስለኛል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በዪ፦ መጀመሪያ የሆነው ነገር፣ ቀጥሎ በድርጊቱ ላይ የመጣው ለውጥ፣ ከዚያ ስሙ፣ በመጨረሻ ከጎረቤት ቃሉ የሚለይበት። ከስሙ ከጀመርሽ ሰሚው በማያውቀው ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ምሳሌውን ሳይሰማው ያልፋል።

ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ሂጂባቸው። ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ አብልጦ የሚያሳይ ሚዛን ውጤቱ አይለዋወጥም፣ ስለዚህ አስተማማኝነት አለው፤ እውነተኛውን ክብደት ስለማይነግርሽ ግን ትክክለኛነት የለውም። የሥነ ልቦና ፈተናም እንዲሁ ነው። ተዛምዶ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች አብረው የሚለዋወጡበት መጠን፣ ከ-1 እስከ +1 ይለካል፤ «አሉታዊ» እዚህም መጥፎ ማለት ሳይሆን አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል ማለት ስለሆነ፣ -0.8 ከ+0.5 የጠነከረ ግንኙነት ነው። ፍርሃት ፊት ለፊት ላለ አደጋ ሲሆን፣ ጭንቀት ገና ላልደረሰው ነው። ስኪዞፍሬኒያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ስሙን በ1908 ያወጣለት የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው፤ ቃሉ በግሪክኛ «የተሰነጠቀ አእምሮ» ማለት ስለሆነ ብዙዎች «ሁለት ሰው መሆን» ይመስላቸዋል። ያ ግን ሌላ ሕመም ነው።

ሐዘንና ድብርት ላይ ግን ረጋ በዪ። ዲኤስኤም-5 የተባለው የአእምሮ ሕመሞች የምርመራ መመሪያ ድብርት ለመባል ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ ለ2 ሳምንት አብረው እንዲታዩ ይጠይቃል፤ ከነሱም አንዱ የተጨፈገገ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆን አለበት። በዚያ ላይ ሰውየውን በእጅጉ ማስጨነቅ ወይም ኑሮውን ማወክ አለበት። ለማቅለል ብለሽ «ድብርት የአንድ ኬሚካል ማነስ ነው» አትበዪ። አባባሉ ቀላል ነው፣ ነገር ግን ከቤተሰብ በዘር የሚወረሰውን፣ የኑሮ ጫናንና የአካል ሕመምን ሁሉ ይጥላል። ቋንቋው ይቅለል እንጂ እውነቱ አይጉደል።

ለሦስቱ ሳምንት 12 ጥንዶች ምረጪና በሳምንት አራት አራት ያዢ። እያንዳንዱን ጥንድ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ አስረድተሽ ድምፅሽን በስልክሽ ቅጂ፤ ስትሰሚው ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ ቃል ባገኘሽ ቁጥር እሱን አውጥተሽ ድገሚ። ከዚያ ትምህርቱን ላልተማረ ሰው ንገሪና የራሱን ምሳሌ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። ያንቺኑ ምሳሌ ከመለሰልሽ ሸምድዶታል፤ ምሳሌሽን ቀይሪ። አዲስ ምሳሌ ካመጣ ገብቶታል፤ ወደሚቀጥለው እለፊ።

ቃለ መጠይቁ ላይ የማታውቂው ቃል ቢመጣ «ይህን በእርግጠኝነት አላውቀውም፣ የሚቀርበውን ግን ላስረዳ» በዪና የምታውቂውን አስረጂ። ለረዳት አማካሪ ይህ ነውር አይደለም፤ በግምት የተነገረ ቃል ግን ባለጉዳዩ ይዞት ቤቱ ይገባል።