ጆሮውን አይተው ሰዓሊውን አወቁት

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ባሕር ዳር የአርት ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን ስላይድ ሲያሳየን "ይሄ ፊርማ የለውም ግን የእገሌ ነው" ይለናል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ዝም ብለው ገምተው ነው ትላለች። ስም ሳይጻፍበት የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ይሄን ነገር ያመጣውስ ማነው?

መልስ፦ እኔ ደህና ነኝ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ ግምት የበዛበት ዘመን ነበረ። "ይሄ ፊት የቲሺያን (የታወቀው የቬኒስ ሰዓሊ) ይመስላል" ተብሎ ሙዚየም ካታሎግ ላይ ይጻፋል፣ አለቀ። ይሄን አካሄድ ከተጋፈጡት ሰዎች ለእኔ ዋናው ጆቫኒ ሞሬሊ ነው፣ በ1816 ቬሮና የተወለደ ጣሊያናዊ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የሚገርምሽ ሰውየው የተማረው ሥዕል አይደለም፣ ጀርመን አገር ሄዶ ሕክምና ነው የተማረው፣ አናቶሚውን፣ የሰውን አካል አሠራር ማለቴ ነው፣ ጠንቅቆ ያውቃል፣ እና ያንን ዓይኑን ይዞ ነው ሥዕል ፊት የቆመው።

ያለው ነገር ምን መሰለሽ፣ መጀመሪያ ፊቱን አትዩት ነው። ፊትን ሰዓሊው ራሱ ተጠንቅቆ ነው የሚሠራው፣ ተማሪውም የሚኮርጀው እሱን ነው። እናንተ ግን የጆሮውን ጫፍ እዩ፣ የጥፍሩን ቅርጽ እዩ፣ አውራ ጣቱ ከመዳፉ ጋር እንዴት እንደተገናኘ እዩ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሰዓሊው አያስብም፣ እጁ በለመደው ነው የሚሄደው። እናቴ ነፍሷን ይማርና ሰፌድ ስታይ መሀሉ ያለውን ጌጥ አትነካውም ነበር፣ ገልብጣ ጠርዙ ላይ ስፌቱ እንዴት እንዳለቀ አይታ "ይሄ የእንትና እጅ ነው" ትላለች፣ ጌጡንማ ማንም ከማንም ይቀዳዋል። ሞሬሊን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

ሐሳቡን ከ1874 እስከ 1876 በጀርመንኛ ሲያወጣ በስሙ አልጻፈም፣ ኢቫን ሌርሞልዬፍ የሚል የሩሲያ ስም አውጥቶ ነው፣ የራሱን ስም ፊደላት አገላብጦ መጨረሻው ላይ የሩሲያ ቅጥያ የጨመረበት። የማን እንደሆነ ከለያቸው ሥዕሎች ከሁሉ የታወቀችለት ጀርመን አገር ድሬስደን ሙዚየም ያለችው ሜዳ ላይ ተጋድማ የተኛችው ቬነስ ናት። ካታሎጉ ሳሶፌራቶ የሚባል የኋላ ሰዓሊ ከቲሺያን የቀዳው ኮፒ ነው ይል ነበር፣ ሞሬሊ ግን አይደለም፣ የራሱ የጆርጆኔ ነው፣ የሌላው የቬኒስ ሰዓሊ፣ አለ፣ ዛሬ ሥዕሉ የሚታወቀው በጆርጆኔ ስም ነው፣ ቲሺያን ጨርሶታል ተብሎ።

ግን ጆሮ ብቻውን ይበቃል እንዳትይ። ጎበዝ ተማሪ ጆሮውንም ይቀዳል፣ በርሊን ሙዚየም ይሠራ የነበረው ቪልሄልም ቦደም በዚሁ ዘዴው ምክንያት ሞሬሊን ክፉኛ ተችቶታል። ከሞሬሊ በኋላ የእሱን መንገድ የተከተለው የሥዕል አዋቂው በርናርድ ቤረንሰን ደግሞ ትልቅ ዓይን ነበረው፣ ግን ዱቪን ከሚባለው የሥዕል ነጋዴ ድርሻ እየወሰደ ነው "የእገሌ ነው" እያለ ያረጋግጥ የነበረው፣ ይሄ እስካሁን ያሳዝነኛል፣ የሚመሰክር ሰው ከሽያጩ መብላት የለበትም። አሁን አሁን ቀለሙም እንጨቱም ላብራቶሪ ይመረመራል፣ ከሥር ያለው ንድፍ በኢንፍራሬድ ይታያል፣ ዓይን ግን አልቀረም።

ደግሞ ይሄ ሁሉ የጣሊያን ወሬ ብቻ አይምሰልሽ፣ አንቺ ያለሽበት ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል አለ፣ በአጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተሣለ፣ የሰዓሊው ስም ፍሬ ጽዮን ተብሎ የተጻፈበት። በዚያ ዘመን ስም መጻፍ ብርቅ ነው እኮ! ማሪሊን ሄልድማን የምትባል አሜሪካዊት ምሁር ከዚያች ስም ካለባት ሥዕል ተነስታ ስም የሌላቸውን ሌሎች እያስተያየች የፍሬ ጽዮንና አብረውት የሠሩ ሰዎች ሥራ ናቸው ያለቻቸውን ለይታ በ1994 መጽሐፍ አወጣች። እኛ ቤተ ክርስቲያን ገብተን ተሳልመን የምናልፋቸው ሥዕሎች ሰዓሊ እንዳላቸው፣ እጅ እንዳላቸው፣ እኔ በትክክል የገባኝ በዚህ ሥራ ነው።

ዳጋ ሴት ስለማይገባበት አንቺ መግባት አትችዪም፣ ፎቶውን ግን ከላይብረሪ ፈልጊና ከጓደኛሽ ጋር ቁጭ በሉ። ስም ካለባት አንድ፣ ከሌለባቸው ሁለት ሦስት አድርጋችሁ ፊቱን በወረቀት ሸፍናችሁ እጆቹን ብቻ አስተያዩ፣ ጣቶቹ የት ይታጠፋሉ፣ የልብሱ መስመር የት ይቆማል። ያያችሁትን ጻፉልኝ፣ እዚሁ አወጣዋለሁ።