ስልኩን ሪሴት ላድርገው ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የኢንተርኔት ስልክ፣ ዪሊንክ ነው፣ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ «ኖ ሰርቪስ» ይላል። ባልደረባዬ «ኦኬን ተጭነሽ ያዢው፣ ሪሴት ይሆናል» አለኝ። ልሞክረው?

መልስ፦ እጅሽን ከኦኬ ላይ አንሺ፣ እህቴ! ባልደረባሽ አልዋሸም። ዪሊንክ ላይ ኦኬን 10 ሰከንድ ያህል ከያዝሽው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ልመልሰው ወይ ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልሽው ግን የውስጥ መስመር ቁጥርሽን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የሰርቨሩን አድራሻ ጠራርጎ ያጠፋዋል። እኔ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ስሠራ ይህንኑ አደረግኩ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ክፍለ ሀገር ሄዷል። ሦስት ቀን ያለ ስልክ ቀረን። የያኔው አለቃዬ ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል።

ያንቺ ነገር ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል። መብራት ሲመጣ ስልኩ አንዳንዴ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል። ራውተሩ ገና ስላልተነሳ የኔትወርክ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና እዚያው ደርቆ ይቀራል። አጥፍቶ ማብራት ይበቃዋል። ማጥፊያው የት አለ እንዳትይኝ፣ የለውም። ብዙ የቢሮ ስልኮች ኃይል የሚያገኙት በራሱ በኔትወርክ ኬብሉ ነው። ኢንተርኔቱ መሥራቱን በኮምፒውተርሽ አረጋግጪ፣ ኬብሉን ንቀዪ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው። ስትመልሺ «ኢንተርኔት» የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሁን። «ፒሲ» የሚለው ላይ ከሰካሽው ጭራሽ አይበራልሽም።

ያም ካልሠራ የአይቲውን ልጅ ጥሪው። ኦኬውን እሱ ይጫነው።