«አባ ጆይ» ማለት ይቻላል? በፈረስ ስም ስለ መጠራት

ጥያቄ፦ በአዳማ የአንድ አማተር የቲያትር ቡድን አባል ነኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተለያዩ አንድ የእንግሊዝ ገበሬ ልጅና ፈረሱ የሚተርከውን «ዋር ሆርስ» የተባለ ተውኔት ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ወጣቱን አልበርትን ባልደረቦቹ በፈረሱ ስም «አባ ጆይ» እያሉ እንዲጠሩት ጽፈን ነበር። አንዳንዶቻችን «አባ» የሚባለው መነኩሴ ወይም መኳንንት ነው በማለት ተቃወሙ፤ ሌሎች ደግሞ «አባ» ከተባለ ግሱም በአንቱታ መነገር አለበት አሉ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ «አባ ጆይ» የሚለው አጠራር ከአማርኛ ሥርዓት አይወጣም፤ ለገበሬ ልጅም ይሆናል፤ ግሱም አንቱታን አይጠይቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስሙን በመድረኩ ላይ ማን ይጥራው የሚለው ነው።

ክርክሩ የተነሣው ሁለት የተለያዩ «አባ»ዎች በመልክ አንድ በመሆናቸው ይመስለኛል። የመጀመሪያው የማዕረግ «አባ» ሲሆን፣ የሚቀድመውም የመነኩሴውን የራሱን ስም ነው፤ «አባ ገብረ ማርያም መጡ» ስንል ገብረ ማርያም የሚባሉት መነኩሴው ናቸው። ሁለተኛው የባለቤትነት «አባ» ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ስም የሰውዬው ሳይሆን ሰውዬው የያዘው ወይም የሚታወቅበት ነገር ስም ነው። «አባወራ» የምንለው በዚሁ ስልት ነው። አዳማ ላይ ሆኖ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ጎረቤትዎ «አባ ፈርዳ» ቢልዎ የፈረሱን ባለቤት ማለቱ ነውና። በፈረስ ስም መጠራት በኦሮሞም ዘንድ የከበረ ልማድ ነው፤ የጅማ ነገሥታት አባ ጅፋር፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል እየተባሉ ነው በታሪክ የሚታወቁት።

ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ሲባሉ እንግዲህ ዳኘው ፈረሱ ነው፤ እርሳቸው የዳኘው ጌታ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ «አባ በዝብዝ»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ይባሉ ነበር። ስሞቹን በሰዋስው ዐይን ብንመረምራቸው የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። «ታጠቅ» እና «በዝብዝ» ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው፤ ፈረሱን በስሙ የሚጠራ ሁሉ ሳያስበው ለጦር ትእዛዝ ይሰጣል። «ነጋ» በኃላፊ ጊዜ የተነገረ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። «ዳኘው» እና «ቃኘው» ደግሞ ተሳቢያቸውን በውስጣቸው የያዙ ሲሆኑ፣ እንደ አነባበቡ ትእዛዝም ኃላፊም ሊሆኑ ይችላሉ፤ «አንተ፣ ዳኘው!» ብሎ ማዘዝም፣ «እርሱ ዳኘው» ብሎ መተረክም ይቻላልና። «መላ» ብቻ ተራ ስም ነው። አንድ ጌታ ሊሠራ ያሰበውን በፈረሱ ስም አድርጎ ያውጃል፤ ከዚያም ዓላማው መልሶ የራሱ መጠሪያ ይሆናል። በአማርኛ የስም አወጣጥ ውስጥ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ የለም፤ ሰውና ፈረስ በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩበት አገር ልጆች ይህን ተውኔት ለመተርጎም መነሣታቸውም እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

ስሙ የመኳንንት ብቻ ነው የሚለው ተቃውሞም አይጸናም። ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ተማርከው የመጡ ሲሆኑ «አባ ነፍሶ» ተብለዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጎጃም የተዋጋው በላይ ዘለቀም «አባ ኮስትር» በሚለው ስሙ ነው ሕዝቡ ያወቀው። ስሙን የሚያስገኘው ፈረሰኛነትና ጀግንነት እንጂ የዘር ሐረግ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ ተውኔቱ እንለፍ። በታሪኩ ውስጥ የአልበርት አባት ጦርነቱ እንደ ፈነዳ ጆይን ለጦር ሠራዊቱ ይሸጠዋል፤ ካፒቴን ኒኮልስ የተባለ መኰንን ፈረሱን ይዞት ወደ ፈረንሳይ ይዘምትና በውጊያ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ጆይ በጀርመኖች እጅ ይገባል። «አባ» ባለቤትነትን ብቻ የሚያመለክት ከሆነ በዚያ ሰዓት «አባ ጆይ» መባል የሚገባው መኰንኑ ነው ማለት ነው፤ የእርስዎን ተመልካች ግን ይህ አያሳምነውም። በእኛ ልማድ የፈረስ ስም በግዢና በሽያጭ አይተላለፍም፤ ፈረሱ ቢሞትም ቢማረክም ስሙ ከሰውዬው ጋር ይኖራል። ስለዚህ «አባ ጆይ» የሚለው ስም ጆይ ከተሸጠም በኋላ በአልበርት ላይ ቢጸና፣ ልጁ ፈረሱን ፍለጋ ዕድሜው ሳይደርስ ለምን እንደ ዘመተ አንድ ገጽ ንግግር ሊያስረዳ ከሚችለው በላይ ያስረዳል። ይህን ስም እንዳትሰርዙት የምመክረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም በእንግሊዝ ወታደሮች አፍ ውስጥ አታስገቡት። ታሪኩ የሚፈጸመው በዴቨን ገጠርና በፈረንሳይ ምሽጎች ነው፤ የዚያ አገር ወታደር ባልንጀራውን በፈረሱ ስም የመጥራት ልማድ ስለሌለው፣ «አባ ጆይ፣ ና!» ቢል ተመልካቹ የሰውዬውን አገር ይስታል። መፍትሔው በተውኔቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 የታተመው የማይክል ሞርፐርጎ ልብ ወለድ ታሪኩን የሚተርከው በፈረሱ አንደበት ነው፤ በ2007 በለንደን ብሔራዊ ቲያትር የቀረበው የኒክ ስታፎርድ ተውኔት ግን ፈረሱን ከንግግር አሳርፎታል። የኬፕታውኑ ሀንድስፕሪንግ የአሻንጉሊት ቲያትር ቡድን የሠራውን ፈረስ ሦስት ሰዎች ያንቀሳቅሱታል፤ ፈረሱ ይተነፍሳል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ያሽካካል፣ ነገር ግን አይናገርም። በትዕይንቶቹ መካከል እየገባ የሚያዜም አንድ ዘፋኝ ደግሞ አለ። ይህን ዘፋኝ አዝማሪ አድርጉት፤ «አባ ጆይ»ንም ለእርሱ ብቻ ስጡት። አዝማሪ ስለ ሩቅ አገር ሰው ሲያዜም በራሱ ልማድ ቢያወድሰው የሚፈርድበት የለም፤ ወታደሮቹ በቀጥታ «አልበርት» ይበሉት።

የግሱን ነገር በተመለከተ፣ አንቱታ የሚመጣው ከሰውዬው ዕድሜና ማዕረግ እንጂ ከፈረስ ስሙ አይደለም። በፉከራና በቀረርቶማ ንጉሡም ቢሆን «አንተ» ይባላል። ስለዚህ አዝማሪው «አባ ጆይ ዘመተ»፣ «አባ ጆይ የት አለህ» ይበል፤ «አባ ጆይ ዘመቱ» ቢል ግን ተመልካቹ ሽማግሌ ወይም መነኩሴ ይጠብቃል፤ የቡድናችሁን አባላት ያከራከረው መምታታትም እንደገና ይመጣል። የራሱን ስም መጨመር ካስፈለገ «ራስ አሉላ አባ ነጋ» እንደሚባለው ሁሉ «አልበርት አባ ጆይ» ማለት ይቻላል።

ለአዝማሪው ግጥም የሚረዳ አንድ ነገር ልጨምር። በልብ ወለዱ ጆይ ቀይ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ የመስቀል ምልክት አለው፤ አማርኛ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ፈረስ «ቦቃ» ይለዋል። እንግዲያስ «ጆይ» ለቤት መምቻ አልመች ባለ ጊዜ «ዳማው»፣ «ቦቃው» እያሉ መቀያየር ይቻላል። አረማመዱንም «ሮጠ» በሚል አንድ ቃል አትጨርሱት፤ ሶምሶማ፣ ደንገላሳና ሽምጥ ግልቢያ የተለያዩ ናቸው፤ ፈረሱን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ሰዎችም በልምምድ ጊዜ የትኛውን እንደሚሠሩ ከጽሑፉ ማወቅ አለባቸው። ለማስነሻው «ቼ» በቂ ነው፤ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ከአዳማ ባለጋሪዎች መስማት ይቻላል። በጽሑፉ ላይ «አባ» እና «ጆይ» ተለያይተው ይጻፉ፤ ተሳቢ ሲሆን «ን» የሚገባው በፈረሱ ስም ላይ ነው፤ «አባ ጆይን አየሁት» ይባላል።