መልስ፦ በታኅሣሥ ጅቡቲ ላይ የትኛው የባሕር ጉዞ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ከደብረ ብርሃን ቤተሰብዎን ይዘው በታኅሣሥ ጅቡቲ ሲወርዱ ከጀልባ ሽርሽር፣ ከስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ ከውኃው ገጽ ላይ ሆኖ ከማየት) እና ከስኩባ (የአየር ጋን ተሸክሞ ወደ ውስጥ ከመጥለቅ) የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ወቅቱ ራሱ መርጦልዎታል፤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ፣ ነገር ግን ሰው የማይተናኮል ዓሣ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ አጠገብ ስለሚታይ፣ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከውኃው ገጽ ሳይጠልቁ ማየት ይቻላል። ዋና ለማይችል ልጅ ግን (ደጋ ካደግነው ስንቶቻችን እንችላለን?) ሙሻ ደሴት ደርሶ የሚመለስ ጀልባ ይበቃዋል፤ ከመሳፈርዎ በፊት የመንሳፈፊያ ሰደርያውን አልብሰው፣ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሳብ አድርገው፣ በአገጩ በኩል ሾልኮ አለመውጣቱን ይዩ። ስኩባ ከመረጡ ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አይሳፈሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን፣ በደብረ ሲናና በደብረ ብርሃን መካከል ያለውን ጣርማ በርን በመኪና መውጣትም ያው ነው፤ በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳዎት ይችላልና።