በቀጥታ ድምፅ ቪዲዮ ማስነሳት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለኤግዚቢሽን ከበሮ በተመታ ቁጥር ግድግዳ ላይ ቪዲዮ እንዲነሳ እፈልጋለሁ። ማይኩን ኮርኒስ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሲያወራም ቪዲዮው ይነሳል።

መልስ፦ ማይኩን አውርደው። ፒዞ የምትባል ሳንቲም የምታህል ስስ ሳህን አለች። የምትይዘው ንዝረት ነው፤ ወሬ ብዙም አይገባባትም። የከበሮው እንጨት ላይ፣ ከቆዳው ጠርዝ አጠገብ አጥብቀህ ለጥፋት። ቆዳው መሃል አይሆንም፤ የመቺው እጅ ይነቅላታል። ሳውንድ ካርዱ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው መሣሪያ) ላይ ጊታር የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ሰካት። ሌላ ቦታ ከሰካሃት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ከበሮ ደግሞ ያለ ወፍራሙ ድምፅ ከበሮ አይደለም።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩ ላይ ሁለት የድምፅ መጠን ገደብ አድርግ፦ አንዱ ማስነሻ፣ ሌላው ከሱ ዝቅ ያለ ማረፊያ። ድምፁ ከማረፊያው በታች ሳይወርድ ቪዲዮው ዳግም አይነሳ። በአንድ ገደብ ብቻ ከሠራህ ምቱ እየረገበ ሲሄድ ገደቡ ላይ ወጣ ገባ ይላል። አንዴ መትተህ ሦስት ጊዜ ይነሳብሃል።

ለሰፊውና ለጠባቡ አፍ የተለያየ ክሊፕ ከፈለግክ ሁለት ፒዞ ለጥፍ። እንጨቱ አንድ ስለሆነ አንዱ ሲመታ ሌላውም ይነዝራል። ጎላ ያለውን ብቻ ተቀበል።

ጥያቄ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

መልስ፦ የለመድከው። ብር ከሌለህ ፒዩር ዳታ ነጻ ነው።

ሌላ አባል፦ ተችዲዛይነር እያለ? እሱም እኮ በነጻ ይገኛል።

ሦስተኛ አባል፦ ነጻው ከ1280 በ1280 ፒክስል በላይ አያወጣም። ትልቅ ግድግዳ ላይ ይደበዝዛል።

ሌላ አባል፦ ከሩቅ ማን ያየዋል? እኔ ሠርቼበታለሁ።

መልስ፦ ይህን ሌላ ጊዜ ተከራከሩበት። ፒዞው በደንብ ካልተለጠፈ የትኛውም አያድናችሁም።

ጥያቄ፦ የኔ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ? ምን ሰካህ፣ ምን አየህ? እሱን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ክሊፑ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። የድምፁን በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ አጠራቅሞ የሚያስተናግደውን መጠን) ላሳንስ?

መልስ፦ ስንት ነው? በፈሩ 256 ናሙና፣ ድምፁም በሰከንድ 48,000 ናሙና ከሆነ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ችግሩ እሱ አይደለም፤ ፋይሉን እየው። ኤች 264 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ፍሬሞቹን (ተከታታይ ምስሎቹን) እርስ በርስ አስደግፎ ነው የሚጨምቀው። ወደ መሃል ለመዝለል ከኋላ ተነስቶ መፍታት አለበት። ሃፕ ወደሚባለው፣ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ወደሚጨምቀው ዓይነት ቀይረው። ፋይሉ በጣም ይገዝፋል፣ ስለዚህ ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ላይ አድርገው።

ጥያቄ፦ ለማሲንቆስ?

መልስ፦ ማሲንቆ በደጋን ይገዘገዛል እንጂ አይደለቅም። ጥርት ያለ መነሻ አትጠብቅበት። ክሊፑ ሳይቋረጥ ይሂድ፤ የድምፁ ጉልበት ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ያድርገው።

ጥያቄ፦ የስፒከሩ ድምፅ ማይኩ ውስጥ እየገባ ቪዲዮው ራሱን ያስነሳል።

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ፒዞ። ሁለት ገደብ። እባካችሁ መጀመሪያ አንብቡ።

የመጀመሪያው ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ለጠፍኩት። ወሬው ቀርቷል! አሁን ግን ሰው በአጠገቡ ሲራመድ ይነሳል።

መልስ፦ ጎበዝ። ከበሮው ጣውላ ወለል ላይ ነው መሰለኝ። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አድርግና ማስነሻውን እንደገና አስተካክል። ሰው በሞላበት ሰዓት ሞክረው፤ በባዶ ክፍል የተስተካከለ ገደብ ለመክፈቻው ቀን አይሆንም።